የአማቼ ዝቅ ያለ መኪና

የቤት መኪና ለቤተሰብ ያስባል ይላሉ። አያስብም። በተለይ እሽቅድምድም አምሮት የቤት መኪና ሆኖ የተሠራው፣ ከፊት ለተቀመጠው እንጂ ለኋላው ሰው ደንታ የለውም።

የልጄ ባል እንዲህ ያለውን ገዝቶ ወደሚኖሩባት ቢቸና አመጣ። አፍንጫው የሾለ፣ ሆዱ መሬት ሊልስ የደረሰ፣ ጎማው ሰፊ፣ ጣሪያው ወደ ኋላ የተንሸራተተ። ማማሩን አልክድም። ልጄ የመጀመሪያዋን አርግዛ መውለጃዋ ቀርቧል፤ የመጀመሪያ ልጅ ደግሞ የሚወለደው በእናት ቤት ነው። እኔና እናቷ ያለነው ሞጣ ነው። ልወስዳት ስሄድ አማቼ፣ «በአውቶቡስ? ምን ሲደረግ! እኔ አደርሳችኋለሁ» አለ።

የክብር ቦታ ተብሎ እኔ ከፊት ተቀመጥኩ። ነፍሰ ጡሯ ከኋላ፣ አንገቷን ሰብራ፤ ጣሪያው ቀና አያስብልም።

አስፋልቱ ላይ መኪናው ድምፅ የለውም፤ ዛፉ ብቻ ወደ ኋላ ይሮጣል። የፍጥነት መቁጠሪያውን ሳይ መቀመጫዬን ጨበጥኩ። እኛ ዘንድ ግን አማትና አማች አንቱ ተባብለው ነው የሚኖሩት፤ የአማችን ንብረት ማሞገስ ወግ ነው፣ መተቸት ነውር። ስለዚህ፣ «ግሩም መኪና ገዝተዋል» አልኩ።

«ገና ምኑን አይተዋል!» አለና አንድ ቁልፍ ተጫነ። ሞተሩ አጓራ፤ ጀርባዬ ከመቀመጫው ተጣበቀ።

በኋላ እንደነገረኝ እሱም ፈርቶ ነበር። ቀዝቀዝ ቢያደርገው «መኪናው አይረባም» ብዬ ለሚስቴ የምነግር መስሎታል። ሁለት የተከባበሩ ፈሪዎች አንዲት ነፍሰ ጡር ጭነው በረሩ።

መንገዳችን ላይ ካለችው ግንደወይን ከተማ ሳንደርስ አስፋልቱ ተቋርጦ ጠጠር ሆነ። ፍሬኑ ያዘ፤ እውነቱን ለመናገር ፍሬኑ ጥሩ ነው። ጎማው ግን ጠጠሩ ላይ አልቆም አለ። በጎናችን ተንሸራተትን፣ የመኪናው ሆድ ከድንጋይ ጋር ተጋጨ፣ «በስመ አብ» ብዬ ሳልጨርስ ከመንገዱ ዳር ያለው ቦይ አፋፍ ላይ ቆምን።

ዞሬ አየኋት። ሆዷን በሁለት እጇ ይዛለች።

«አባዬ፣ ዝም አለ።»

አውርደን ዛፍ ጥላ ሥር አስቀመጥናት። ከመኪናው ሥር ዘይት ይንጠባጠባል፤ አማቼ ዞር ብሎም አላየው። ስለ ፍርሃት ብዙ አንብቤያለሁ። የአንድ ያልተወለደ ልጅ እርግጫ እየጠበቁ መቆም ምን እንደሚመስል ግን የትም አላገኘሁም።

«ተንቀሳቀሰ?» አልኳት።

«ዝም በል፣ አባዬ!»

የሚያልፉት ገበያተኞች እንኳ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ አላውቅም፣ ፊቷ ተፈታ። «መታኝ» አለችና ወዲያው ተቆጣች፤ «እናንተ ከፊት ሆናችሁ ተሞጋገሱ፣ እኔ ከኋላ ልሙትላችሁ!»

አማቼ እዚያው ቁጭ ብሎ አለቀሰ። እሷ ሚኒባስ አስቆመችና ከሾፌሩ ጎን ተቀመጠች፤ እኛ ከኋላ ገባን። ግንደወይን ጤና ጣቢያ አሳየናት፤ የልጁ ልብ ይመታል አሉን። እኔ ግን በሰላም እስክትገላገል ድረስ ሆዷን በዳበሰች ቁጥር «ተንቀሳቀሰ?» እላት ነበር።

ልጃችሁን ከኋላ አስቀምጦ የሚያበርር አማች ካላችሁ፣ መኪናውን አታሞግሱለት። ዛሬውኑ ደውሉና «ቀስ በል» በሉት።