የደም ማነስ ነው አሏት

ማሬ የታመመችውን በሽታ ከራሷ በቀር ሁላችንም እናውቀው ነበር። በደል ብዬ የማስመዘግበው ይህን ነው።

ጎንደር በሚገኝ ሆስፒታል፣ የደም ካንሰር ታካሚዎች በሚተኙበት ክፍል፣ በጽዳትና በሽተኛ በማገዝ ሠርቼ ጡረታ ወጣሁ። የመጀመሪያ ቀን የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር መወልወያውን ከእጄ ተቀብላ ወደ ቧንቧው ወሰደችኝ። «እትዬ፣ መጀመሪያ እጅ። እዚህ የተኙት ጉንፋን የሚመክት ደም የላቸውም።»

ከዚያ ወዲህ ጠያቂን በር ላይ የማቆመው እኔ ሆንኩ። ያገሬ ሰው በሽተኛ ሳይስም አይወጣም። «ከሩቅ እግዜር ይማርሽ በሉ!» እላለሁ። «ይቺ ሴትዮ ኬላ ናት እንዴ?» ይሉኛል። ይበሉ።

ማሬ ከአምባ ጊዮርጊስ የመጣችው ጣፊያዋ አብጦ ነው። ዶክተሩ ውጤቱን የነገረው ለወንድሟ ለመሪጌታ ነበር፤ በእኛ ዘንድ ክፉ ወሬ ለዘመድ እንጂ ለታማሚው አይነገርም። እሳቸውም «የደም ማነስ ነው» አሏት።

ዶክተሩን ያዝኩት። «ምነው ለእሷ አትነግራትም?»

«መሪጌታ ተስፋ ትቆርጣለች ይላሉ፣ እማማ።»

«የካንሰሩን ክኒን የምትውጠው ማን ናት?»

ሳቀና አለፈ።

ክኒኑን በየቀኑ ስትውጥ እብጠቱ ሟሸሸ፣ ፊቷም መለስ አለ። ከሆስፒታል ስትወጣ «እቴ፣ ደሜ ሞላ!» ብላ እስክስታ ወረደች።

«ክኒኑን እንዳታቋርጪ። የዕድሜ ልክ ነው።»

«ለደም ማነስ?» ብላ ሳቀችብኝ። መሪጌታ ከኋላዋ ሆነው ዝም በዪ ብለው ጠቀሱኝ።

ሁዳዴ ገባ። ክኒኑ ጠዋት ከቁርስ ጋር የሚዋጥ ነው፤ እሷ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለች። ድኛለሁ ብላለች፣ ተወችው። ካንሰር መሆኑን ብታውቅ ኖሮ የነፍስ አባቷ ራሳቸው «ብዪ» ይሏት ነበር።

ከፋሲካ በኋላ በቃሬዛ ወደ እኛ መለሷት። ክኒኑ ከዚያ በኋላ አልሠራላትም። እስክታርፍ ድረስ «ይህ የደም ማነስ ምን ዓይነት ነው?» እያለች ጠየቀችን።

ለአዲስ ሠራተኞች የምለው አጭር ነው። በሽታው የታማሚው ነው፤ ለእሱ ንገሩት።

ለተዝካሯ አምባ ጊዮርጊስ ሄድኩ። መሪጌታን ለብቻቸው ሳገኛቸው «ምነው ደበቋት?» አልኳቸው።

«ተስፋ እንዳትቆርጥ።»

«እሱን ሰምቻለሁ። እውነቱን ይንገሩኝ።»



«ለእሷ ብዬ አልነበረም» አሉኝ። «ስታለቅስ ማየት እኔ ስላልቻልኩ ነው።»