ጉባኤው ያልሰማው ጽሑፍ

አውሮፓ ውስጥ በሚካሄድ የትንታኔ ፍልስፍና የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ጉባኤ ላይ ጽሑፍ እንዳቀርብ ተጋብዤ ነበር። ቪዛ ከለከሉኝ። በምማርበት ናይሮቢ የተከራየሁትን ክፍል አስቀድሜ ለቅቄ ስለነበር ሻንጣዬን ይዤ ወላጆቼ ዘንድ ሞያሌ ገባሁ። አባቴ በኬንያ በኩል፣ ከመንገዱ ዳር፣ ምግብና ሻይ የሚሸጥበት ትንሽ ሆቴል ነበረው።

ከአዘጋጆቹ አንዷ፣ እንደኔው ተማሪ የሆነች ልጅ፣ አዘነችልኝና መላ ፈለገች። በተመደበልኝ ሰዓት በሆቴላችን ስልክ ይደውላሉ፤ እኔ አነባለሁ፤ አዳራሹ በድምፅ ማጉያ ያዳምጣል። "እስክትጨርሺ ማንም አያቋርጥሽም፤ ጥያቄ መጨረሻ ላይ ነው" ብላ ጻፈችልኝ።

ጽሑፌ፣ ሰው የነገረንን ስናምን እምነታችን መቼ ዕውቀት ይሆናል የሚል ነበር። ሁለት ዓመት ደክሜበታለሁ።

ቀኑ ሲደርስ አባቴ ቴሌቪዥኑን አጠፋ። ከጎልቦ ቆላ የመጡ የግመል ነጋዴዎች ምሳ እየበሉ ነበር። "ልጄ ከፈረንጆች ጋር ልትነጋገር ነው፣ እባካችሁ" ብሎ ለመናቸው፤ ዝም አሉ። ስልኩ ጮኸ። የልጅቷን ድምፅ ሰማሁ፤ አዳራሹ ውስጥ ሰው ሲያስል ሰማሁ። "ጀምሪ" አለችኝ።

ማንበብ ጀመርኩ። ዋናው መከራከሪያዬ ጋ ስደርስ ጸጥታቸው ደስ አለኝ፤ እየተከተሉኝ ነው አልኩ። ጨርሼ አመሰገንኩና ጠበቅኩ።

"ሃሎ? ሃሎ?"

ምንም። የኛ ከተማ መስመር አንዳንዴ ድምፅ እንኳ ሳያሰማ ዝም ብሎ ይሞታል። መቼ እንደሞተ አላወቅኩም።

"ምን አሉሽ?" አለ አባቴ።

"አባዬ፣ አልሰሙኝም።"

"እንዴት አይሰሙም? እኛ እንኳ ሰምተን!"

ከነጋዴዎቹ አንዱ እጁን እየታጠበ "ፖሌ፣ እህቴ" አለኝ፤ በስዋሂሊ ማዘኑ ነው። ያኔ እንባዬ መጣ።

አባቴ "መልሰው ይደውላሉ" ብሎ ወንበር ስቦ ስልኩ አጠገብ ተቀመጠ። ከፍሎ ለመደወል የመጣውን ሰው ሁሉ "ዛሬ አይቻልም" እያለ መለሰ። "በቃ ተወው፣ አባዬ" ስለው፣ "ተይ እስቲ፣ ሥራ በዝቶባቸው ይሆናል" አለኝ። ከራሴ ነገር ይልቅ የሱ መጠበቅ አንጀቴን በላው።

ከቀናት በኋላ ኢንተርኔት ቤት ገብቼ የልጅቷን መልእክት አገኘሁ። መስመሩ የተቋረጠው ገና መግቢያዬን ሳልጨርስ ነበር። ደጋግመው ሞክረዋል፤ ስልኩ ግን ተይዟል ይላቸዋል። የያዝኩት እኔ ነኝ፤ እያነበብኩ። ሰዓቱ ሲያልፍ ቀጣዩን ተናጋሪ አስገቡ።

ወደ ናይሮቢ አልተመለስኩም። አስተማሪዬ ጻፈልኝ፣ ደግሞ ጻፈልኝ፤ አልመለስኩለትም። ሆቴሉ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ሆኜ ተቀመጥኩ። በዚያ ዓመት ዝናቡ ቀርቶ ነጋዴዎቹም ሻይ ብቻ ጠጥተው ይወጡ ነበር።

አንድ ከሰዓት፣ ቤቱ ባዶ ሆኖ ሳለ፣ አባቴ "ያንን ጽሑፍ ለምን ሌላ ቦታ አትልኪውም?" አለኝ።

"ለማን?" አልኩት።

የስልኩን አቧራ በእጁ ጠረገና ወደ ጓዳ ገባ።