የጎደሉት ዐሥራ አራት ገጾች

የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሠርታለች። ተማሪዎቹ ፊት ለፊት «እትዬ» ይሏታል፤ ከጀርባዋ ደግሞ «ዝም በሉ» የሚል ስም አውጥተውላታል፣ ከአፏ የሚሰሙት እሱኑ ስለሆነ።

በየዓመቱ የመጨረሻ ክፍል ተማሪዎች ስለ ታዋቂው ፀሐፌ ተውኔትና ስለ ዘመኑ የጥናት ጥያቄ ይመርጣሉ። ተማሪው ጥያቄውን በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ይሰጣታል። እሷ መደርደሪያውን አይታ፣ ለጥያቄው የሚሆን ምንጭ ካለ «አለ»፣ ከሌለ «የለም» ብላ ትፈርማለች። «የለም» የተባለ ጥያቄ እዚያው ይቀራል፤ የሥነ ጽሑፍ መምህሩ ለልጁ ሌላ ይሰጡታል። እስካሁን «ለምን የለም አልሽ?» ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም።

ረቡዕ ዕለት ሠላሳ አንድ ቁራጭ ወረቀት መጣ። መምህሩ አጠገቧ ቆመው አብረዋት ያነባሉ።

«‹ደራሲው ስንት ፍቅረኛ ነበረው?›» አሉና መነጽራቸውን አወለቁ። «ይሄ ልጅ ጥናት ነው የሚሠራው ወይስ ሽማግሌ አድርጎ ሊልከን ነው?»

«‹ፀሐፌ ተውኔቱ ለምን ታላቅ ሆነ?›» አለች እሷ ቀጣዩን አንሥታ።

«እሱማ የዕድሜ ልክ እስራት ነው። ያጥብበው በዪልኝ።»

የሚቀጥለውን ግን ጮክ ብላ አላነበበችውም። «በሦስተኛው ተውኔት መጽሐፍ ከገጽ 86 ቀጥሎ ያለው ገጽ 101 ነው። በመካከል የነበሩትን ዐሥራ አራት ገጾች ያወጣቸው ማን ነው?» ይላል። የጻፈችው አፏ ስለማያርፍ «ወፍጮ» የሚሏት ልጅ ናት።

መምህሩ በትከሻዋ ላይ አጮልቀው አዩት። «የማተሚያ ቤት ስሕተት ነው እያልኩ ስንት ዓመት አስተማርኩ! እስቲ የሚሆን ነገር ካለ ፈልጊላት። ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ሁሉንም እወስዳለሁ።»

መፈለግ አላስፈለጋትም። ገና ሥራ በጀመረች በሁለተኛው ዓመት፣ ጽሑፍ ሁሉ ከመታተሙ በፊት ያልፍበት የነበረው የምርመራ ቢሮ ወረቀቶች በካርቶን ተጭነው ወደዚህ ቤተ መጻሕፍት መጥተው ነበር። ስትለያቸው የሦስተኛው ተውኔት የታይፕ ቅጂ እጇ ገባ። ዐሥራ አራት ገጽ በቀይ እርሳስ ከጥግ እስከ ጥግ ተሰርዟል፤ በየኅዳጉ «ይውጣ» ተብሎ ተጽፏል። ፊርማ የለውም። እሷ ግን ፊርማ አያሻትም። ፊደል የቆጠረችው ያ እጅ በጻፈላት መስመር ላይ እየደገመች ነው።

የአባቷ የእጅ ጽሑፍ ነው።

በቤታቸው «አባባ ቢሮ ነው የሚሠሩት» ይባል ነበር እንጂ የምን ቢሮ እንደሆነ የተናገረ የለም። ያኔ ቅጂውን ለማቃጠል አልደፈረችም፣ ለማሳየትም አልደፈረችም። ካርድ ሞላችለት፤ ቁጥር ሰጠችው፤ የብረት ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበት። ቁጥር የሌለው ወረቀት እንቅልፍ ይነሣታል።

ሐሙስ ምሳ ላይ አባቷ ድንች ሲልጡ ጣቶቻቸውን ስታይ ቆየች። ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው።

«ምን አፍጥጠሽ ታዪኛለሽ? ጉድፍ አለብኝ?»

«ኧረ ምንም የለም፣ አባባ።»

ዓርብ እኩለ ቀን ሊሆን ሩብ ሰዓት ሲቀረው ልጅቷ መጣች። ሠላሳው ቁራጭ ተፈርሞ ተደርድሯል።

«እትዬ፣ የኔ አለ ነው የለም?»

«ገና አላየሁትም።»

«የሁሉንም አይተው የኔን ብቻ? ምን በድዬዎት ነው?»

ሠራተኛዋ ቁራጩን ሳበች። «የለ» ብላ ጻፈች። የመጨረሻዋ ፊደል ቀርታ ሳለ ልጅቷ ጎንበስ አለች።

«ካርዱን እኮ ከመሳቢያው አግኝቼዋለሁ። ‹የታይፕ ቅጂ፣ ቀይ እርሳስ ያለበት› ይላል። የእርስዎ ጽሑፍ ነው አይደል? እንዲህ አሳምሮ የሚጽፍ ሌላ ሰው የለማ።»

ልታሞግሳት ብላ ነበር። ሠራተኛዋ ግን እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ጠፍቷል» ብትል ይበቃ ነበር፤ ወረቀት ይጠፋል፣ ማንም አይጠረጥራትም። ዓይኗን ከቁራጩ ሳታነሣ ስትቀር የልጅቷ ፊት ጠወለገ።

«ጠፍቶ ነው እንዴ? እንግዲህ ምን ይደረጋል። ሌላ ይሰጡኛል።» ቁራጩን ለመውሰድ እጇን ዘረጋች።

ወፍጮ እንኳ በአንድ «ምን ይደረጋል» ቆመች። ሠራተኛዋ በዚህ ቃል ያደገች ሴት ናት፤ እናቷም እስክትሞት ድረስ ስትለው ነበር። ቁራጩን በመዳፏ ያዘችው። የጻፈችውን ሰርዛ «አለ» ብላ ፈረመች። ከዚያ ተነሥታ ቁም ሣጥኑን ከፈተች። የታይፕ ቅጂውን አውጥታ ልጅቷ ፊት አስቀመጠች።

ልጅቷ ቆማ ገለጠች። ጣቷን በቀዩ ጽሑፍ ላይ አስኬደች።

«‹ይውጣ›፣ ‹ይውጣ›... ማን ነው እሱ? የእጅ ጽሑፉ ደግሞ ሲያምር!»

«ሰኞ እነግርሻለሁ።»

«ያውቁታል?»

«ሰኞ አልኩሽ!»

ቤት ስትደርስ ኮቷን እንኳ አላወለቀችም። አባቷ ሾርባቸውን ይጠጣሉ።

«አባባ፣ አንዲት ተማሪ ቀይ እርሳስዎን አግኝታለች። ሦስተኛው ተውኔት ላይ።»

ማንኪያው አየር ላይ ቆመ።

«ስሜ አለበት?»

«የለበትም።»

«ታዲያ የኔ መሆኑን ማን ያውቃል?»

«እኔ። ካየሁት ሃያ ዓመት አልፎኛል።»

ማንኪያውን አስቀመጡ። ቁጣ ጠበቀች፤ ልጅ ሳለች እንደምታደርገው ትከሻዋን ሰበሰበች። እሳቸው ግን የሾርባውን ሳሕን ቀስ ብለው ወደ መካከል ገፉት።

«ሃያ ዓመት» አሉ። «እኔ ደግሞ የምፈራው አንቺ እንዳታውቂ ነበር።» «ልጅቷ ትጠይቀኛለች ወይስ እንደ አንቺ ዝም ብላ ታየኛለች?»

«ትጠይቅዎታለች። ግን ካልፈቀዱ የእርስዎ መሆኑን አልነግራትም። ለሰኞ ነው የቀጠርኳት።»

አባቷ በሩን አዩ፣ መዳፋቸውን አዩ።

«ሰኞ ሩቅ ነው» አሉ። «ነገ አምጪያት። እስከ ሰኞ ሐሳቤን እቀይራለሁ።»