የአባቴ ጽዋና ጣሪያ አልባው ፎቅ

አባቴ ደብረ ማርቆስ ላይ የገዛውን ቤት ዛሬ አንጋጦ አየና "ማኅበርተኛው የት ሊቀመጥ ነው?" አለኝ። ጣሪያ የለውማ!

ገና መሠረቱ ሲወጣ ባሕር ዛፉን ሁሉ ሸጦ የከፈለበት ነው። አምና የሚካኤልን ጽዋ ሲቀበል "የከርሞውን በአዲሱ ቤቴ እደግሳለሁ" ብሎ ቃል ገብቷል። ቀኑ ደረሰ።

ቤቱን የሸጠልን ድርጅት ቢሮ ገብተን ጠየቅን። ሻጩ ምን ቢል ጥሩ ነው? "አባባ፣ ቻይና ውስጥ ቤት ሠሪዎቹ በዕዳ ተዘፍቀዋል። ቻይናዊው ተቋራጫችንም አገሩ ላይ ከስሮ ጥሎን ሄደ። ይታገሡን።"

ደሜ ፈላ። (ሲሸጡልንስ ትርፉን ከቻይና ጋር ተካፍለዋል?)

አባቴ ግን ቢሮውን ዙሪያውን ቃኘና "ይሄኛውስ ጣሪያ አለው። ሚካኤልን እዚሁ እደግሳለሁ፤ ጠላውን ጭኜ እመጣለሁ" አለው።

እናንተም "ቻይና ነው" ተብላችሁ ቤት የቀረባችሁ ጻፉልኝ። ኑና ቢሮውን አብረን እንሙላው።