ምንጭ፦ በገሳይ የሚኖሩ አንድ አዛውንት

ደብረ ታቦር ሰባተኛ ክፍል ስንማር ኢንተርኔት ለእኔ ሽታ ነበረው። የትምህርት ቤታችን ኮምፒውተር ክፍል አቧራ እንዳይገባበት ተብሎ ጫማ የሚወለቀው በር ላይ ነበርና፣ ክፍሉ እርጥብ ካልሲና የጋለ ፕላስቲክ ይሸት ነበር። ከጉና በኩል የሚመጣው ብርድ በመስኮቱ ስንጥቅ ሲገባ እግራችንን አንዳችን ባንዳችን ላይ ደራርበን እንቀመጣለን። አንድ ኮምፒውተር ለሁለት ተማሪ ነው። ከእኔ ጋር የምትቀመጠው ማስተዋል ነበረች።

ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ ነው ያደግነው። እናቷ እትዬ ጥሩ ከገበያው በላይ የጨርቅ ሱቅ ነበራቸው። ማስተዋል መናገር አትፈራም፤ እኔ ደግሞ መሣልና በደንብ መጻፍ እችላለሁ። መምህር ጠይቆኝ ድምፄ ሲጠፋብኝ እሷ ትመልስልኛለች። ምሳችንን ባንድ ዕቃ አቀላቅለን እንበላለን፤ የማን ወጥ የቱ እንደሆነ እንኳ አንለይም ነበር።

የታሪክ መምህራችን መምህር ጌትነት የሳይንስና ቴክኖሎጂ ታሪክ ክበብ አቋቁመው ነበር። ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት ብቻ አትማሩ፣ ወፍጮን ማን ፈለሰፈው፣ ሰዓት ከመምጣቱ በፊት ሰው ጊዜን በምን ይለካ ነበር፣ ይህም ታሪክ ነው ይሉን ነበር። መጽሐፍ አልነበረንም። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ኮምፒውተር ክፍሉን አስከፍተው የውጭ አገር ሙዚየሞች ያላቸውን ዕቃ ፎቶ እያነሡ ያስቀመጡባቸውን ገጾች፣ ገጽ በገጽ ተነሥተው የተጫኑ የድሮ መንገደኞች መጻሕፍትን ያሳዩናል። እንግሊዝኛው ሲከብደን ይተረጉሙልናል። አንድ ነገር ግን አጥብቀው ያሳስቡን ነበር፤ ማን ጻፈው፣ በዓይኑ አይቶ ነው ወይስ ሰምቶ፣ ይህን ሳትጠይቁ አንድ መስመር እንዳትገለብጡ።

አንድ ቅዳሜ ስለ ብረት ሥራ ፈልጉ አሉን። ያኔ ሥዕል ባንዴ አይመጣም፤ ከላይ ጀምሮ እንደ መጋረጃ በጥቂት በጥቂቱ ይወርዳል። መጀመሪያ የሣር ክዳን መጣ፣ ቀጥሎ ያጎነበሰ ራስ፣ ቀጥሎ ሁለት እጆች፣ ከእጆቹም ሥር ሁለት የፍየል ቆዳ ወናፎች። በአገራችን ያለፈ አንድ የውጭ ሰው ድሮ የሣለው ቀጥቃጭ ነው። ከሥሩ የሣዩ ስም፣ ሥዕሉን ለሙዚየሙ የሰጠው ሰው ስም ተጽፏል፤ የቀጥቃጩ ስም የለም። እኔ ግን ያየሁት ወናፉን ነው።

«የአባባ ወናፍ» አልኩ። ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። ማስተዋል ዞር ብላ አየችኝ።

ቤታችን ውስጥ ስለ አባባ ውበቱ ሥራ አይወራም ነበር። አባባ ውበቱ የአባቴ አባት ናቸው፤ ገሳይ፣ ከመኪናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ማረሻና ማጭድ ሲሠሩ የኖሩ ሰው። አባቴ ከእሳቸው የተማረውን ይዞ ደብረ ታቦር ገባና የብየዳ ቤት ከፈተ። በኤሌክትሪክ በር ለሚበይድ ሰው ማንም ክፉ ስም አያወጣለትም። ያንኑ ብረት በወናፍ እያጋለ ለሚደበድበው ግን ያወጣለታል፤ ዓይኑ ሰው ይበላል፣ ልጆቹም እንደሱ ናቸው ይባላል። እናቴ ትምህርት ቤት ልታስገባኝ ስትል አስቀምጣ የነገረችኝ ይህንን ነበር። አያትሽ ምን ይሠራሉ ካሉሽ ገበሬ ናቸው በይ አለችኝ። እስከዚያች ቅዳሜ ድረስ እንዲሁ ስል ኖሬያለሁ።

ወደ ቤት ስንሄድ ማስተዋል መንገዱን ሙሉ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ቆም ብላ እጄን ያዘችና «ማርያምን ለማንም አልናገርም። እኔ ሰዎች የሚያወሩትን አላምንም» አለችኝ። ያን ቀን የተሰማኝን ቅለት እስከዛሬ አስታውሰዋለሁ፤ ከራሴ ላይ የሆነ ሸክም የወረደልኝ ያህል ነበር። ትንሽ ሄድ እንዳልንም፣ ለትምህርት ቤቱ ዐውደ ርእይ የአባባን ሥራ ብናቀርብስ የሚለውን ሐሳብ ያመጣችው እሷ ናት። ሌሎቹ ከኢንተርኔት ያገኙትን ይለጥፋሉ፣ እኛ ግን በዓይናችን ያየነውን እናመጣለን አለች።

አባቴ መጀመሪያ አልወደደውም። በኋላ ግን ማስተዋልን ከልጅነቷ ስለሚያውቃት እሺ አለና ራሱ ይዞን ሄደ። መምህር ጌትነት ትንሿን ካሜራቸውን አዋሱኝ። አባባ ውበቱ ፎቶ ሊነሡ መሆኑን ሲሰሙ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ጠበቁን፤ እሳት ፊት በነጭ እንዴት ይሠራሉ ብለን አስወለቅናቸው። የሥራ ጎጆው ጨለማ ነበር። ማስተዋል ለምን መስኮት እንደሌለው ጠየቀቻቸው።

«ብርሃን ከገባ የብረቱ መልክ አይታይም» አሏት። «ቢጫ ሲሆን እንደበድበዋለን። ውሃ የሚጠጣው ደግሞ ቀልቶ መደብዘዝ ሲጀምር ነው። ከቸኮልሽ ማረሻው ድንጋይ ሲነካ ይሰበራል።»

ወናፉን ሰጧት። ሁለቱን እጆቿን እያፈራረቀች ስትጫን እሳቱ እፍ እፍ እያለ ፊቷን ያበራው ነበር። እሷ እየሳቀች፣ እኔ የአባባን እጆች እያነሣሁ ብዙ ቆየን። ሴት አያቴ ድንች ቀቅለው በአዋዜ አቀረቡልን፤ ማስተዋል እጇን እያቃጠላት ከኛ እኩል በላች። ስንነሣ አባባ ውበቱ እስከ መንገዱ ሸኙንና «ስሜን አትጻፉት» አሉን። ራሴን እየዳበሱ «ለእኔ አይደለም፣ ለዚች ልጅ ብዬ ነው» አሉ። ማስተዋል «እሺ አባባ» አለቻቸው። እኔም በወፍራም ወረቀታችን ግርጌ «ምንጭ፦ በገሳይ የሚኖሩ አንድ አዛውንት» ብዬ በጥሩ ጽሑፍ ጻፍኩ።

የዐውደ ርእዩ ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ከዳኞቹ አንዱ በእንግድነት የመጡ የትምህርት ባለሙያ ናቸው። ሥራችንን ከላይ እስከ ታች አነበቡና ማይክሮፎኑን እንደያዙ «ይህን ሁሉ ዝርዝር ከኢንተርኔት የገለበጣችሁት ይመስለኛል» አሉ።

«አይደለም» አልኩ፤ ድምፄ ግን አልተሰማም።

«ታዲያ እኒህ አዛውንት ማን ናቸው? ስም የሌለው ምንጭ ምንጭ አይባልም።»

ማይክሮፎኑን ወደኛ ዘረጉት። ማስተዋልን አየኋት። እንደሁልጊዜው እሷ ትመልስልኛለች፣ ቃላችንንም ሳታፈርስ የምትለው ነገር አታጣም ብዬ ነበር። ማይክሮፎኑን ተቀበለች።

«የእሷ አያት ናቸው» አለች በጣቷ እያሳየችኝ። «ቀጥቃጭ ናቸው። እኔ የሄድኩት እሷ ወስዳኝ ነው።»

የመጀመሪያውንና ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ሥራችንን ለማዳን ብላ ነው እል ነበር። ሦስተኛውን ግን ማን ጠየቃት? ዳኛው ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ረክተዋል። እኛ አንደኛ ወጣን፤ ባሕር ዳር ለሚደረገው ውድድርም ተመረጥን። ስማችን ተጠርቶ መድረክ ስንወጣ ማስተዋል ከእኔ አንድ ክንድ ያህል ራቅ ብላ ቆመች።

ሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ ጠጋ ስል ልጆቹ የምሳ ዕቃቸውን ከደኑ። ማንም አልተሳደበም፤ ዝም ብለው ነው የከደኑት። ማስተዋል ሰሌዳው አልታይ አለኝ ብላ ወደ ፊት ወንበር ተቀየረች። በዚያው ሰሞን ደግሞ ከትምህርት ቀረች። ሆዷን ታመመች ተባለ፤ ቀጥሎ ጠበል ወሰዷት ተባለ። ከዚያም ከጠበሉ የመጡ ሴቶች ይዘውት የመጡት ወሬ ከተማውን አዳረሰው። ማን በላሽ ሲሏት የይታይሽን ስም ጠራች ተባለ። ይታይሽ እኔ ነኝ።

አላመንኩም። ከተመለሰች በኋላ ቤታቸው ሄድኩ። እትዬ ጥሩ የግቢውን በር ገርበብ አድርገው ቆሙ።

«እማማ፣ ማስተዋልን ልጠይቃት ነው» አልኳቸው።

«ልጄን ተያት» አሉኝ፤ አልጮሁም፣ እንዲያውም እንደ ልመና ነበር። «እባክሽ ተያት።»

ከኋላቸው፣ ከቤቱ በር ላይ ማስተዋል ቆማ ነበር። ጋቢ ተከናንባ ከስታለች። አየችኝ። አንድ ቃል ትናገራለች ብዬ ጠበቅሁ። ወናፉን በእጇ የነፋችው፣ ድንቹን የበላችው፣ አላምንም ያለችው እሷ ናት። ዞር ብላ ገባች። እኔም ብዙ ቆሜ ተመለስኩ። ሥራችንን ይዛ ለውድድሩ ባሕር ዳር የሄደችው እሷ ብቻ ነበረች። አባቴ ለማንም ክፉ ሳይናገር ዓመቱ ሲያልቅ የብየዳ ዕቃውን ጭኖ ቤታችንን ወደ ባሕር ዳር አዛወረው። አባባ ውበቱ የሆነውን ሰምተው ኖሮ፣ ከዚያ በኋላ ስንጠይቃቸው የሥራ ጎጆውን ዘግተው ነበር የሚጠብቁን። ከጥቂት ዓመታት በኋላም አረፉ።

ዛሬ በአንድ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት እሠራለሁ። ሥራዬ ተማሪዎች ለጥናታቸው የሚሆን ነገር ከኢንተርኔት እንዲያገኙ መርዳት ነው፤ የተረፈኝ ነገር ቢኖር የመምህር ጌትነት ትምህርት ነው ማለት ነው። በቅርቡ አንድ ተማሪ ስለ ቀደምት የብረት ሥራችን ጽሑፍ ፈልጊልኝ አለኝ። ስፈልግ በአማርኛ የተጻፈ፣ ረጅምና ጥሩ ጽሑፍ አገኘሁ። መስኮት የሌለው ጎጆ አለ። ቢጫው ብረት፣ ቀልቶ የሚደበዝዘው ብረት አለ። ከጽሑፉ መሐል የአባባ ውበቱ እጆች ወናፉን እንደያዙ ተቀምጠዋል፤ ያነሣሁት ፎቶ ነው፣ ፊታቸው ተቆርጦ ወጥቷል። ጸሐፊዋ ማስተዋል ናት፣ የዩኒቨርሲቲ መምህርት ሆናለች። ግርጌው ላይ «ምንጭ፦ የጸሐፊዋ የመስክ ምልከታ» ይላል።

አድራሻዋ እዚያው ስለነበር ጻፍኩላት። በማግሥቱ ደወለች። ድምጿ ያው ነው። ስለ ጤናና ስለ ልጆች ከተጠያየቅን በኋላ የአባባን ስም ለምን እንዳልጻፈች ጠየቅኋት።

«ራሳቸው አትጻፉ ብለው የለ?» አለችኝ። «ደግሞም ላንቺ አስቤ ነው።»

«አዳራሹ ውስጥስ?»

«ልጆች ነበርን» አለች።

እንዲያ መሆኑን አውቃለሁ። ስለዚህ ያን ትቼ ስንት ዘመን ሆዴ ውስጥ የኖረውን ጠየቅኋት። ጠበሉ ላይ ስሜን ጠርተሽ ነበር አልኳት። እውነቱን ለመናገር፣ አልጠራሁም እንድትል ነበር የፈለግሁት። ወሬውን የፈጠሩት ሴቶቹ ናቸው፣ ቢበዛም እናቷ ናቸው ብዬ ለራሴ ስነግር ኖሬያለሁ፤ የቀረችኝን ማስተዋል ያቆየኋት በዚያ ነበር።

«ያመመኝ ታይፎይድ ነበር፣ ኋላ ሐኪም ቤት ታወቀ» አለች። «እማዬ ግን እሷ ናት ወይ፣ እሷ ናት ወይ እያለች ትጠይቀኛለች። ውሃው በጣም ይበርድ ነበር ይታይሽ። እንዲበቃኝ ብዬ አዎ አልኳት።»

ይቅርታ ያለችኝ ይመስለኛል፤ በደንብ አልሰማሁትም። ስልኩን ከመዝጋቴ በፊት ግን አባባ አርፈዋልና አሁን ስማቸውን ጻፊው አልኳት።

ሰሞኑን ያው ተማሪ ሲመጣ ገጹን ከፈትኩለት። ተስተካክሏል። «የልጅነት ጓደኛዬ አያት የሆኑት የገሳዩ ቀጥቃጭ አቶ ውበቱ እንዳስረዱን» ይላል። ፊታቸው አሁንም የለም። ዛሬ ልጆች እንዲህ ያለውን ነገር በስልካቸው ባንድ ጊዜ ያገኙታል፤ እኛ አንዲት ሥዕል እስክትወርድ ብርድ ላይ ተጣብቀን የጠበቅነውን። እኔ ግን «ጓደኛዬ» የሚለው ቃል ላይ ቀረሁ። ያን ጊዜ፣ እትዬ ጥሩ ደጃፍ ቆሜ ሳለሁ፣ ይህችን ቃል በሹክሹክታ እንኳ ብትላት በደስታ እየሮጥኩ ወደ ቤቴ እመለስ ነበር፤ ከተማው ሁሉ ምሳውን ቢከድንብኝም ግድ አልነበረኝም። አሁን ማንም ሰው ሊያነባት በሚችልበት ቦታ ጽፋታለች። ወንበሩን ለተማሪው ለቀቅሁለትና ወደ ሌላው ሥራዬ ሄድኩ።