እትዬ ዘነበች ያላሳየችው ስላይድ

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ እኔ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ እያለሁ፣ እትዬ ዘነበች ስቶክሆልም ውስጥ ሃግሴትራ በሚባል ሰፈር በሚገኝ አንድ የጸሎት አዳራሽ የሞተች እናቴን በሰው ሁሉ ፊት አዋረደችብኝ። የእናቴ ታላቅ እህት ናት። በሕይወት ሳለች «አንቱ» እላት ነበር። እዚህ ላይ ግን አልልም።

ነገሩ የጀመረው በደግነቷ ነው፤ ይህንን አልክድም። እናቴ ከሞተች ዓመት አልሞላም ነበር። አባቴ አውቶቡስ ሲነዳ ውሎ ያመሻል፤ እኔ ሪንከቢ ባለው ቤታችን መስኮት ሥር ተቀምጬ እውላለሁ። እትዬ ዘነበች ነርስ ነበረች። ኢትዮጵያ ሳሉ አብራት የሠራች ስዊድናዊት ጓደኛዋ በዚያን ጊዜ ኔፓል፣ ካትማንዱ ሐኪም ቤት ትሠራ ስለነበር፣ ለፋሲካ ዕረፍት ልትጠይቃት ስትነሳ «ይቺን ልጅ ሐዘን ሊጨርሳት ነው፣ ትንሽ አየር ትቀይር» ብላ አባቴን አስፈቀደችና ይዛኝ ሄደች። እዚያም ጓደኛዋ ሥራ ላይ በዋለችበት አንድ ቀን ሹፌር ያለው መኪና ተከራየችልንና፣ ባክታፑር የምትባለውን ጥንታዊ የቤተ መቅደስ ከተማ ሁለታችን ብቻችንን አየን።

ስቶክሆልምን በረዶው ጭቃ እንደሆነ ትተናት ነበር የመጣነው። ባክታፑር ፀሐይ ነበር። መሬቱም ግድግዳውም ቀይ ጡብ ነው። አንዱ አደባባይ እንዳለ የሸክላ ሠሪዎች ሲሆን፣ ገና ያልተተኮሱ ማሰሮዎች ፀሐይ ላይ ተሰጥተው እርጥብ አፈር ይሸታሉ። ጣሪያው በጣሪያ ላይ የተደራረበውን ትልቁን ቤተ መቅደስ ስንወጣ፣ ግራና ቀኝ ደረጃውን የሚጠብቁ የድንጋይ ዝሆኖችና አንበሶች ነበሩ። እትዬ ዘነበች ጉልበቷን እያመማት በየዝሆኑ ላይ እየተደገፈች «እናትሽ ብትሆን ይሄኔ ጫፍ ላይ ነበረች፤ ልጅ ሆነን ያልወጣችበት አጥር የለም» አለችኝ። ከቀብሩ ወዲህ ስለ እናቴ ሲወራ የሰማሁት የመጀመሪያ ሳቅ ነበር። ከዚያ ወረድንና በሸክላ ጎድጓዳ የረጋ ጣፋጭ እርጎ ገዝታ፣ በአንድ ማንኪያ ተቀባብለን በላን።

ከሸክላ ሠሪዎቹ አደባባይ ጥግ ትንሽዬ ቤተ መቅደስ አለች። ሴቶች ደጃፉ ላይ ጫማቸውን እያወለቁ ይገባሉ። በሩ ላይ እንደ አደይ ቢጫ የሆነ የአበባ ጉንጉን ተንጠልጥሏል። እኔ ምንም አላሰብኩም። ጫማዬን አወለቅኩ፣ ጎንበስ አልኩ፣ መቃኑን ተሳለምኩ። እናቴ እንዲህ ነበር የምታደርገው። ስቶክሆልም ውስጥ እንኳ በተዘጋ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ስናልፍ ሳትሳለም አታልፍም ነበር። ውስጥ የተቀመጠች አሮጊት ጠራችኝና ግንባሬ ላይ ቀይ ዱቄት ቀባችኝ። እናቴ ከጠበል አምጥታ እምነት ስትቀባኝ የነበረውን ያህል፣ አውራ ጣቷን ጫን አድርጋ። ዓይኔ እንባ ሞላ።

ዞር ስል እትዬ ዘነበች ካሜራዋን ደግናብኛለች። እሷ እንደ እናቴ ኦርቶዶክስ ሳትሆን ጴንጤ ስለሆነች ትቆጣኛለች ብዬ ፈራሁ። እሷ ግን «ሳቂ እንጂ!» አለችና አነሳችኝ። ከዚያ ካሜራውን ሰጠችኝ፤ ጎንበስ ብላ ግንባሯን ለአሮጊቷ ሰጠች። ቀይ ነጥቧን ይዛ፣ ከንፈሯ ላይ እርጎው ሳይደርቅ፣ «አንሺኝ በይ! እዚህ ማን ያውቀናል!» ብላ ከልቧ ሳቀች። አነሳኋት። መኪና ውስጥ ስንገባ የራሷን በመሀረብ ጠረገች። የእኔን አልነካችውም።

በተመለስን በወሩ፣ እሑድ ከአምልኮ በኋላ የጉዞዋን ስላይድ፣ በማሽን ግድግዳ ላይ የሚበሩትን ትንንሽ የፊልም ፎቶዎች፣ ለምእመናኑ ልታሳይ ሆነ። በዚያው ቀን ጠዋት ወጥ ቤት ጠረጴዛዋ ላይ አብረን መረጥን። የራሷን ብርሃን ላይ አየችና «ይቺ ትቅር» ብላ ወደ ጎን ገፋቻት። እኔ ስለወደድኳት ኪሴ ከተትኳት። የእኔን ግን አላስቀረችም።

መብራት ጠፋ። ተራራ አለፈ፣ ሐኪም ቤት አለፈ፣ ከዚያ ፊቴ ግድግዳውን አክሎ ወጣ፤ ባዶ እግሬን፣ ከነቀይ ነጥቤ። አንድ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «እህት ዘነበች፣ ይቺ ልጅ ምን እየሆነች ነው?» አሉ።

እኔ እሷን ነበር የማየው። «አብረን ነበርን» ትላለች ብዬ ጠበቅሁ።

«ምን ላድርጋት ብለው ነው?» አለች። «ሟች እህቴ ያስለመደቻት ነው። እንጨት ስታይ ድንጋይ ስታይ መሳለም። የዘራችውን እኔ እየነቀልኩ ነው።»

ወደ ፊት አወጡኝ። እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው ጮክ ብለው ጸለዩልኝ። የእሷም እጅ ነበረበት፤ በቀለበቷ አወቅሁት። ስላይዷ ኪሴ ውስጥ ነበረች። ላወጣት እችል ነበር። አላወጣኋትም። ልጆቹ ደጅ ላይ በስዊድንኛ «ቀይ ነጥብ! ቀይ ነጥብ!» እያሉ እስከ ባቡር ጣቢያው ተከተሉኝ። ለአባቴ ጨዋታ ነው አልኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደጅ መሳለም ተውኩ። የእናቴ የሆነ ነገር እኔ ላይ የቀረው እሱ ብቻ ነበር፤ እሱም ሄደ።

እትዬ ዘነበች ነገሩን አንስታ አታውቅም። ቬሊንግቢ ብቻዋን ስታረጅ በየበዓሉ ጠየቅኋት፣ መድኃኒቷን አመላለስኩ። «አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር» ትለኝ ነበር።

ባለፈው መኸር ሞተች። እኔም ሃምሳን እየተጠጋሁ ነው። ልጇ ሣራ ደወለችና የሐዘኑ ፕሮግራም ላይ የሚታይ፣ እናቷ የሳቀችበት ፎቶ እንዳለኝ በስዊድንኛ ጠየቀችኝ። እነሱ ቤት አንድም አልተገኘም። አለኝ አልኳት። ስላይዷን ፎቶ ቤት አስገልብጬ ሰጠኋት።

አዳራሹ ያው ነው፣ ወንበሩ ብቻ ተቀይሯል። እትዬ ዘነበች ግድግዳውን አክላ ወጣች፤ ቀይ ነጥቧን ይዛ፣ ከንፈሯ ላይ እርጎ እያለ፣ እየሳቀች። ጠበቅሁ። ያኔ የጠየቁት ሽማግሌ ከሞቱ ቆይተዋል። ከኋላዬ አንዲት ወጣት ለጓደኛዋ «እንዴት ታምር ነበር» አለች። ሌላ ማንም ምንም አላለም። ሣራ አለቀሰችና አቀፈችኝ።

ምንም አልነገርኳትም። ኮቴን ለበስኩ። ስወጣ ጎንበስ ብዬ የአዳራሹን መቃን ተሳለምኩ። ከዚያ ባቡር ይዤ ወደ ቤቴ ሄድኩ።