የኮምቦልቻዋ ኤሊ በደሴ ብርድ

አባታችን ኮምቦልቻ ሲሞቱ ታላቅ ወንድሜ ቤቱን ለመሸጥ የአርባቸው ሰደቃ እስኪወጣ እንኳ አልታገሠም። ዕቃው ተከፋፈለ። ግቢው ውስጥ ስትንፏቀቅ የኖረችውን የአባቴን ኤሊ ግን የፈለጋት አልነበረም። እኔ ይዣት ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ወዳለው ቤቴ ወጣሁ። ከአባቴ የቀረችኝ ነፍስ ያላት ነገር እሷ ብቻ ነበረች።

መንገዱ አጭር ነው፣ ብርዱ ግን ሌላ አገር። ገና እንደመጣች አፍንጫዋ አረፋ አወጣ፤ ጎመን እምቢ አለች። ስልኬ ላይ አንብቤ የጣውላ ሣጥን አሠራሁላት። አንዱ ጫፍ ላይ የሚያሞቀውን የድሮ ቢጫ አምፖል ሰቀልኩ፤ ሲበዛባት እንድትሸሽ ሌላውን ጫፍ ጥላ አደረግሁት። ኤሊ ከራሷ ሙቀት የላትም፤ ካልሞቃት የበላችው እንኳ አይፈጭላትም። ቴርሞሜትሩ ከአምፖሉ ሥር ሠላሳን አለፍ ሲል እፎይ እላለሁ። መብራት ሲጠፋ ጀሪካን ሙሉ ሙቅ ውሃ በፎጣ ጠቅልዬ ከጎኗ አኖራለሁ። ጎረቤቶቼ «ለኤሊ አምፖል! እኛንስ ማን ያሙቀን?» እያሉ ይሳለቁብኛል። ይሳለቁ! አረፋው ደረቀ፣ ጎመኑንም መቆርጠም ጀመረች።

ነሐሴ ላይ ወንድሜ ሊጠይቀኝ መጣ። በማግስቱ ቢስቲማ ለቅሶ ስለነበረብኝ «ጋሼ፣ አደራ፣ አምፖሉን እንዳትነካብኝ» ብዬው ሄድኩ።

«ኧረ ምን በወጣኝ!» አለኝ።

ስመለስ ሣጥኑ ጨልሟል። ኤሊዋ ጓሮ፣ ሲሚንቶው ላይ፣ ውሃ እየተንጠባጠበባት ተኮራምታለች። ጭጋጉ እስከ ደጃፍ ወርዶ ነበር።

«ጋሼ፣ ምን አደረግካት?»

«ልትቃጠል እኮ ነው እህቴ! ሳይቃጠል በቅጠል ብዬ አቀዘቀዝኳት። አባባ ቀትር ላይ ውሃ ያፈሱባት አልነበር?»

አዎ፣ ያፈሱባት ነበር። ኮምቦልቻ! ሲሚንቶው እግር በሚፈጅበት ግቢ! አባቴን በዓመት አንዴ ብቅ ብሎ የሚያይ ሰው፣ ከኑሯቸው ሁሉ ያስታወሰው ይህችን አንዲት ነገር፣ እሷንም ያለ ቦታዋ። ወላሂ፣ ክፋት ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ክፉን ሰው ተጣልቶ መገላገል ይቻላል።

አምፖሉን መልሼ አበራሁ፣ ውሃ አሞቅሁ። ምንም አልፈየደ። በአፏ እየተነፈሰች ሰነበተችና ሳምንት ሳይሞላት ሞተች።

ወንድሜ ሲሰማ ተመልሶ መጣ። በአባታችን ቀብር ዕንባ ያላወጣ ሰው ኤሊዋን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ታቅፎ አለቀሰ። «እዚህ ብርድ ውስጥማ አንቀብራትም» አለኝ። «ወደ ሞቃቱ እንውሰዳት። አባባ ግቢ፣ ከዘይቱኑ ሥር።»

«የማን ግቢ?» አልኩት።

አካፋውን አቀበልኩት፤ እዚያው ጓሮዬ፣ ብርዱ ውስጥ ቆፈረ።